የቢታ ገነት ቀይ ነጥብ

ሚያዝያ 20፣ ሰኞ

ዝናብ። ከሰዓት ጀመረ... እንደ ሰሞኑ ሁሉ። ባጃጆቹ በቀን መብራት አብርተው ነው የሚሄዱት።

ቢሮዬ ግድግዳ ላይ ያለው ስክሪን ሁሉም አረንጓዴ፣ አንዷ ብቻ ቀይ። ቢታ ገነት። ዛሬም። እያንዳንዱ የማርና የቡና መረከቢያ ቅርንጫፋችን አንድ ነጥብ ነው፤ መስመር ካለው አረንጓዴ፣ ከጠፋበት ቀይ። የእኔ ሥራ ነጥቦቹን ማየት ነው። ለዚህ ነው አራት ዓመት የተማርኩት?

ኤርምያስ በሩ ላይ ቆሞ አየ። ሥራ አስኪያጃችን። ከአዲስ አበባ ከመጣ ዓመት አልሞላውም። ፊት ለፊት «አቶ ኤርምያስ፣ እርስዎ» ነው የምለው፤ እዚህ ግን ማን ይሰማኛል... ነጭ ጫማ አድርጓል። ነጭ ጫማ፣ ቦንጋ፣ በዚህ ጭቃ። ማን መክሮት ይሆን?

«ቢታ ዛሬም ጠፋች?»

«ጠፋች።»

«ልማድ አደረጉት» ብሎ ሄደ።

የቢታ ገነት ቅርንጫፍ ሠራተኛዋ መሲ ቴሌግራም ላይ ጻፈችልኝ። «ገበሬዎቹ የማር ጀሪካናቸውን ይዘው በረንዳ ላይ ተደርድረዋል። ሲስተም የለም እያልኩ አፌ ደከመ።» ማሩ ሲስተም ላይ ካልተመዘገበ ድርጅቱ አይረከብም። ስለዚህ ይቀመጣሉ። ቆይቶ ነጥቧ በራሷ ጊዜ አረንጓዴ ሆነች። ማንም ምንም ሳያደርጋት።

እትዬ ላቀች ከላይ ወርደው ድፎ ዳቦ አመጡልኝ። የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ናቸው። ከኤርምያስ በፊት ስንቱን ሥራ አስኪያጅ ሸኝተዋል። «መክሳትሽ አላማረኝም» አሉ። አልከሳሁም። ዳቦውን ግን በላሁ።

ሚያዝያ 22፣ ረቡዕ

ስብሰባ። የቢታ ገነት ነገር ተነሣ። በየቀኑ ከሰዓት ይጠፋል፣ ገበሬው ይጉላላል፣ ሠራተኞቹ ምን እንደሚሠሩ አይታወቅም... «ምናልባት አጥፍተው ቤታቸው እየገቡ ይሆናል» አለ ኤርምያስ። ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። መሲ ናት እኮ።

እስከ ግንቦት መጨረሻ ካልተስተካከለ ቅርንጫፉ ይዘጋል። ማሩም ቡናውም በቀጥታ ቦንጋ ይምጣ፣ አለ። ከቢታ ገነት ቦንጋ፣ ያን ጀሪካን ይዞ። መንገዱን አይቶት ያውቃል?

አፌ አላርፍ አለኝ። «ስክሪኑ ጠፋ ብቻ ነው የሚለው። ለምን እንደጠፋ አያውቅም። እሱን የሚያውቀው ሎጉ ነው።»

«ሎግ ምንድን ነው?» እትዬ ላቀች ናቸው፤ ቃለ ጉባኤ ይይዙ ነበር።

«እያንዳንዱ ማሽን ስለራሱ የሚጽፈው ነው፣ እትዬ። መቼ በራሁ፣ መቼ ጠፋሁ፣ ምን ነካኝ... ሁሉንም እየሰበሰበ የሚያነብ ፕሮግራም አለን። ዓምና ነው የተገዛው።»

«ታዲያ ምን ይላል?»

ምን እንደሚል አላውቅም። ከፍቶት የሚያውቅ የለም። አንዱ ማሽን ውስጥ ለብቻው ተቀምጦ ያነባል። ስክሪኑ ግድግዳ ላይ ለብቻው ይበራል። በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ ሰላም የማይባባሉ ጎረቤቶች ናቸው።

«አገናኚያቸዋ» አለ ኤርምያስ። ጨዋታ ይመስል።

ሚያዝያ 25፣ ቅዳሜ

መሲ ጋ ደወልኩ። ኮሌጅ አንድ ክፍል ነበርን። ስለ መዝጋቱ ወሬው ደርሷታል፤ ወሬ እንኳን ኔትወርክ አይቸግረውም።

«ከተዘጋ ቦንጋ ትመጫለሽ?»

«ባሌን አዝዬ? እሱ እዚህ ነው የሚያስተምረው። ቤቱም ቆርቆሮ ማልበስ ብቻ ነው የቀረው።»

«እና ምን ታደርጊያለሽ?»

«እሱን ለአንቺ ትቼዋለሁ» አለች። ሳቀች። ቀልዷን ነው? እኔ እንጃ... ስልኩን ከዘጋን በኋላ ነው ቀልድ እንዳልሆነ የገባኝ።

ሚያዝያ 30፣ ሐሙስ

ተገናኙ። ሰሞኑን ሙሉ እምቢ ሲሉኝ ከርመው። ስክሪኑ ሎግ አንባቢው ዘንድ ገብቶ እንዲያይ ቁልፍ ይፈልጋል። የብረት አይደለም፤ ረጅም የፊደልና የቁጥር ዝርዝር ነው። ቁልፉን ሰጠሁት። አልቀበልም አለ። እንደገና ሰጠሁት። ተቀብሎ ደግሞ «ማየት አልተፈቀደልህም» ተባለ። መታወቂያ አሳይቶ በሩ ላይ እንደሚቆም ባለጉዳይ። በመጨረሻ ፈቃዱንም አገኘሁለት።

ከእንግዲህ አንድ ነጥብ ቀይ ሲሆን ከሥሩ ማሽኑ ራሱ የጻፈው ቃል ይወጣል። መልእክቱ ለሁሉም እንዲደርስ ብዬ የመሥሪያ ቤቱ ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥም አስገባሁት። ጥሩ ሐሳብ መሰለኝ።

ያልገባች አንዲት ማሽን ብቻ ቀረች። የቢታ ገነትን መስመር የምትቀበለው ነጭ ሳጥን። ኔትወርክ የሚይዛት እትዬ ላቀች መስኮት ላይ ብቻ ስለሆነ ኑሮዋ እዚያ ነው። ከቢታ ገነት ሌላ የሚጠቀምባት የለም። ስክሪኑም ላይ ነጥብ የላትም። ሌላ ቀን...

ግንቦት 2፣ ቅዳሜ

ጥሩ ሐሳብ አልነበረም።

የሒሳብ ክፍሉ ሐዲስ አጎቱ አርፈው ለቅሶ ቤት ነበርን፤ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ። ድንኳን ውስጥ ጸጥ ብለን ተቀምጠን ሳለ የሁላችንም ስልክ በአንድ ጊዜ ጮኸ። ቀጠለ። ማሽን ሁሉ ያሰበውን ይጽፋል ለካ። የአንዱ ቅርንጫፍ ማተሚያ ወረቀት ጨረሰ፣ ጽፏል። እዚያ ያለ አንድ ሰው የይለፍ ቃሉን ሳተ፣ ጽፏል። ከነስሙ።

«ምን ተፈጥሮ ነው? ሰው ሞተ?» አሉ እትዬ ላቀች፣ ደንግጠው።

«እትዬ፣ የሞተ ሰው ቤት እኮ ነው ያለነው።»

«ሌላ ሰው ማለቴ ነው።»

ሐዲስ ሳይቀር ሳቀ። ነጠላውን አፉ ላይ አድርጎ።

ግንቦት 5፣ ማክሰኞ

ወንፊት አበጀሁለት። አሁን ወደ ግሩፑ የሚያልፈው የመስመር መጥፋት ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ሪፖርት አውጥቼ ለኤርምያስ ወሰድኩ። ሳላጣራ... ለምን ቸኮልኩ?

ስክሪኑ ቢታ ገነት ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ጠፋች ይላል። የቢታ ገነት ማሽን የራሱ ሎግ ደግሞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ «መስመር አጣሁ» ይላል። በየቀኑ። ጎን ለጎን ሲታዩ ሁለት መጥፋት ሆኑ።

«ጭራሽ ጠዋትም?» አለ ኤርምያስ። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። ደስ ያለው መሰለኝ። «ጠዋትም ከሰዓትም። እና መቼ ነው የሚሠሩት? ጎበዝ፣ ሰብሌ፤ ይኼን ነበር የፈለግሁት።»

ስሞገስ ደስ አላለኝም።

ግንቦት 6፣ ረቡዕ

መሲ ደወለች። ሰላምታ የለም።

«ጠዋት ይጠፋል ብለሽ የጻፍሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ አይደለሁም፣ ሎጉ ነው።»

«ጠዋት አንድም ቀን ጠፍቶ አያውቅም። ጠዋት ሙሉ ማር ስንመዝን ነው የምንውለው። ሎጉ ማነው? የማን ዘመድ ነው?»

«መሲ...»

ዘጋችው። ከዚያ ብደውል አታነሣም።

ግንቦት 8፣ ዓርብ

ቢታ ገነት ሄጄ መጣሁ። ኤርምያስ «ምን ያደርግልሻል?» አለኝ፤ ማሽኑን ላየው አልኩ። መኪናው ጭቃ ላይ ተይዞ ሰው ገፋልን። ጫማዬ አሁንም አልደረቀም።

መሲ ሰላም አለችኝ። ጉንጭ ለጉንጭ፣ ግን ቀዝቃዛ። እንዳለ የሚባለው የሥራ ባልደረባዋ በረንዳ ላይ ለገበሬዎቹ በካፊኖኖ ቋንቋ ወረፋቸውን ይነግራቸው ነበር። ሲጨርስ ጠየቅሁት።

«ማሽናችሁ ጠዋት ጠዋት መስመር አጣሁ ብሎ ይጽፋል። ለምን ይመስልሃል?»

«ጠዋት? ሰዓቱ ይሆናላ። ሰዓቱ ተበላሽቶ ነበር፣ እኔ ነኝ ያስተካከልኩት።» በኩራት።

«እንዴት ተበላሽቶ?»

«ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ሳለ አሥራ አምስት ይላል። አሥራ አምስት የሚባል ሰዓት አለ እንዴ?»

መሲ እኔን አየችኝ። እኔ ማሽኑን አየሁ።

የእኛ የከሰዓት ዘጠኝ ለማሽኑ አሥራ አምስት ነው። እንዳለ በእጁ ሰዓት አይቶ ዘጠኝ ብሎ ሞላው። ማሽን የሚያውቀው ዘጠኝ ደግሞ የእኛ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። እና የከሰዓቱን መጥፋት ሁሉ ጠዋት እያለ ሲጽፍ ከረመ። ሁለት መጥፋት የለም። አንድ ነው፤ በሁለት ሰዓት የተጻፈ። ስንት ሰው አለ እንደዚህ ያስተካከለ? የእናቴን ስልክ ሰዓት የሞላችላት ጎረቤት ራሷ...

«በእኔ ነው እንዴ?» አለ እንዳለ።

«ጠዋቱ በአንተ ነው። ከሰዓቱ ገና አልታወቀም» አልኩት። መሲ ሳቀች። ከማክሰኞ ወዲህ መጀመሪያዋ መሆን አለበት።

ከሰዓቱም ብዙ አላስጠበቀም። ምሳ በልተን ተመልሰን፣ ማሽኑ ፊት እንደተቀመጥኩ፣ «ይኸው፣ ጠፋ» አለች መሲ። ማሽኑ መብራቱ በርቷል። ማንም አልነካውም። ሰማዩ ቢታ ላይ ጠርቷል፣ ፀሐይ ነው። ሎጉን ከፈትኩ። «ወዲያኛው ጫፍ አይመልስም» ይላል።

ወዲያኛው ጫፍ... ቦንጋ ነው። እኛ ነን።

ቢሮ ደወልኩ። እትዬ ላቀች አነሡ።

«እትዬ፣ እዚያ ምን አለ?»

«ኧረ ተይኝ፣ ሰማዩ ጠቁሯል። ነጎድጓዱ ደግሞ አያድርስ ነው። አንቺ አታስቢ ልጄ፣ ሁሉንም ነቃቅዬልሻለሁ።»

«ምን ምኑን?»

«ቴሌቪዥኑን፣ ማተሚያውን፣ የሻይ ውኃ ማፍያዬን። መስኮቱ ላይ ያለችውንም ነጭ ሳጥን። ሲያልፍ መልሼ እሰካዋለሁ። እንደ ሁልጊዜው።»

«እሺ እትዬ» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

መሲ ከጎኔ ሆና ሰምታለች። «እትዬ ላቀች ለሠርጌ ድፎ ጋግረው ነው የመጡት» አለች።

ግንቦት 10፣ እሑድ

ቤት ዋልኩ። ሲያስቡት የሚገርመው... እትዬ ላቀችን ሲነቅሉ ስንቴ አይቻቸዋለሁ። ሁሉም ሰው ይነቅላል። ሰማዩ ሲያጉረመርም ያልነቀለ ሰው ነው የሚያስገርመው። እኔም ቤቴ ያለውን ሁሉ ነቅዬ ነው ይኼን የምጽፈው።

ሪፖርቱን ላስተካክል ተቀመጥኩ። «በቦንጋ በኩል የኃይል መቋረጥ» ልበል? ኤርምያስ የት ክፍል ይለኛል። ክፍሉ የእሳቸው ነው። እዚያ ክፍል ሌላ ሰው የለም። ዝም ካልኩ ቢታ ይዘጋል። ከተናገርኩ...? ጸሐፊው ወጣት ይሁን፣ ኮምፒውተር ላይ ፈጠን የሚል፣ ሲል ሰምቼዋለሁ። ምክንያት ነው የጎደለው።

ሁለቱን ማሽኖች ሳገናኝ ሰው ከሰው ላጣላ አልነበረም።

መጀመሪያ ለራሳቸው እነግራቸዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም።

ግንቦት 11፣ ሰኞ

ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ሰሙኝ።

«የእኅቴ ቴሌቪዥን በመብረቅ እንደ ከሰል ነው የሆነው። ከዚያ ወዲህ ሲያጉረመርም እጄ ራሱ ነው የሚሄደው» አሉ።

«አውቃለሁ እትዬ። እኔም እነቅላለሁ።»

«ታዲያ እነዚያ ገበሬዎች ማራቸውን ይዘው በረንዳ ላይ የሚውሉት በእኔ ነው?»

«በመስመሩ ነው።»

«አትዋሺኝ።»

ተነሡ። ነጠላቸውን አስተካክለው ኤርምያስ ቢሮ ገቡ። ሳያንኳኩ። በሩን አልዘጉትም፤ ስለዚህ ሰማሁ። ቢዘጉትም እሰማ ነበር።

«አቶ ኤርምያስ፣ የቢታን መስመር ሳጠፋ የኖርኩት እኔ ነኝ። ልጆቹን ይተዉአቸው።»

«እርስዎ?»

«እኔ። መብረቅ ፈርቼ እየነቀልኩ።»

ሳቀ። አጭር ሳቅ። «በዚህ ዘመን፣ እትዬ ላቀች?»

እኔም ገባሁና የሰዓቱን ነገር አስረዳሁት። ሪፖርቱን ሁለቴ አነበበ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «ከዛሬ ጀምሮ ሶኬት የሚነካ የለም። እስከ ግንቦት መጨረሻ አያለሁ። በቢታ በኩል ከጠፋ ቢታ ይዘጋል። በዚህ በኩል ከጠፋ እርስዎ መጋዘን ይወርዳሉ።»

መጋዘኑ እርጥብ ነው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። እሱም ያውቃል።

«መብረቁን ወደ መሬት የሚያወርድ የመሬት ሽቦ ይቀበርልን፤ ያን ጊዜ መንቀልም አያስፈልግም» አልኩ።

«የሚቀጥለው በጀት ላይ።»

ነጯን ሳጥን ስክሪኑ ውስጥ አስገባኋት። የራሷ ነጥብ አላት አሁን። ስሟን «መስኮት» አልኳት።

ግንቦት 15፣ ዓርብ

አረንጓዴ። ነጎድጓድ ነበር። እትዬ ላቀች እጃቸውን ታፋቸው ሥር አድርገው ነው የተቀመጡት። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ጸሎት ነው። መሲ ጻፈች፦ «ዛሬ በረንዳው ባዶ ነው።»

ግንቦት 19፣ ማክሰኞ

አረንጓዴ።

ዳቦ መጣልኝ። «አልተቀየምኩሽም» አሉ፣ ሳልጠይቃቸው። ታዲያ ለምን አነሡት?

ግንቦት 26፣ ማክሰኞ

ይኼን በደንብ ልጻፈው።

ጠዋት ጀምሮ ከብዶ ነበር። ከሰዓት ሰማዩ ወረደ፤ ከተማው መብራት አበራ። ኤርምያስ እትዬ ላቀች ክፍል ሆኖ ደብዳቤ ያስጽፋል። እኔ ታች ነኝ። ብልጭታውና ድምፁ አንድ ላይ መጣ። በመሐላቸው ክፍተት አልነበረም። መስታወቱ ተንቀጠቀጠ። አንድ ሰው ኮሪደር ላይ «በስመ አብ» አለ።

መብራት አልጠፋም። ስክሪኑን አየሁ። «መስኮት» ቀይ። ተከትሎ ቢታ ገነት ቀይ። ሌላው ሁሉ አረንጓዴ። ስልኬ ጮኸ። የሁሉም ስልክ ጮኸ። «መስኮት፦ ጠፍቷል።»

ወደ ላይ ስሮጥ የማስበው መጋዘኑን ነበር።

እትዬ ላቀች ወንበራቸው ላይ ናቸው። ሁለቱም እጆቻቸው ጠረጴዛው ላይ፣ ተዘርግተው። መስኮቱ ሥር ኤርምያስ። በጉልበቱ ነው። ሶኬቱ በእጁ ነው።

ከኋላዬ ሰው መጣ። ስልኩን የያዘ ሁሉ መጣ። ሐዲስ ከኋላ ሆኖ ስላልታየው «ማነው የነቀለው?» አለ። ቀና ብሎ አየና «እሺ» አለ፣ ለራሱ።

ኤርምያስ ሶኬቱን አየ። እኛን አየ። እንደገና ሊሰካው እጁን ዘረጋ።

«አሁን አይሰኩት» አሉት እትዬ ላቀች። ቀስ ብለው፣ ልጅ እንደሚመክሩ። «እስኪያልፍ ትንሽ ይቆዩ።»

ቆየ። እንዲያው መሬት ላይ፣ ሶኬቱን ይዞ። እኛም ቆየን። ሁለተኛው ሲመታ ራቅ ብሎ ነበር። ሦስተኛው ከከተማው ወጥቶ ጊምቦ በኩል ሆነ። ያን ጊዜ «አሁን ይቻላል» አሉት፤ ሰካው።

ታች ስወርድ ሁለቱም ነጥቦች አረንጓዴ ነበሩ። ሎጉ ላይ አንድ መስመር ተጨምሯል፦ «ኃይል አጥቼ ነበር፣ ተነሥቻለሁ።» የማን እጅ እንደነበር አይልም። ማሽኑ እሱን አያውቅም። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ግን ያውቃል... ማታ ሳይደርስ ሚዛን ተራ ያለው ገበያተኛም ሳያውቀው አይቀርም።

ግንቦት 27፣ ረቡዕ

ኤርምያስ ቢሮዬ በር ላይ ቆሞ «የመሬት ሽቦው ምን ምን ያስፈልገዋል?» አለኝ። በጀቱን አላነሣም። እኔም አላነሣሁም። ጻፍኩለት።

ግንቦት 30፣ ቅዳሜ

የግንቦት መጨረሻ። ስለ ቢታ ማንም ምንም አልተናገረም። ስለ መጋዘንም። መሲ «ታዲያ ምን ተባለ?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት። ገባት። «ቆርቆሮውን ልናስመታ ነው» አለች።

ሰኔ 5፣ ሐሙስ

የሰኔ ጾም ገብቷል። እትዬ ላቀች ዛሬ ያመጡልኝ ቆሎ ነው።

ሽቦው ሰኞ ተቀበረ። ከእትዬ ላቀች መስኮት ሥር፣ አፈሩ ሁሌም እርጥብ የሆነበት ቦታ። ኤርምያስ ቆሞ አስቆፈረ። ቦቲ አድርጎ ነበር፤ ከገበያ የተገዛ ጥቁር ቦቲ። ነጩን ጫማ ካየሁት ቆየሁ።

መሲ በድርጅቱ መኪና ማር ልካልኛለች። ክዳኑ ላይ «ለሎጉ ዘመድ» ብላ ጽፋለች።

ዛሬ ከሰዓት ደመና። ነጎድጓድ ሲጀምር እትዬ ላቀች ወደ ታች ወረዱ። ስክሪኑ ፊት ቆሙ። እዚህ ክፍል ስንት ጊዜ ገብተው ወጥተዋል፤ አይተውት ግን አያውቁም ነበር መሰለኝ።

«ቢታ የቷ ናት?»

አሳየኋቸው።

«እቺ ትንሿ?» መነጽራቸውን አድርገው ተጠጉ። «እሷን ነው እንዴ ሳጠፋት የኖርኩት?»

«እሷን ነው።»

ከላያችን ነጎደ። መስታወቱ ተንቀጠቀጠ። እትዬ ላቀች ክንዴን ያዙኝ፤ ዓይናቸውን ግን ከነጥቧ ላይ አላነሡም። ነጥቧ አረንጓዴ ናት። እንደገና ነጎደ። አረንጓዴ። እንደዚያ ሆነን ቆየን... ስንት እንደቆየን አላውቅም። ቢታ ውስጥ አንድ ሰው ማሩን አስመዝግቦ ወደ ቤቱ እየሄደ ነው ብዬ አሰብኩ።

«ትሠራለች» አሉ በመጨረሻ። ክንዴን ለቀቁኝ።

ከሥራ ከመውጣቴ በፊት ወደ ላይ ወጥቼ ክፍላቸውን አየሁ። ነጯ ሳጥን መስኮቷ ላይ መብራቷ በርቷል። የሻይ ውኃ ማፍያው ግን ተነቅሎ፣ ገመዱ ተጠቅልሎ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። እሱ ሎግ የለውም።